መንገዱ የሚቋረጥበት ቦታ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ከቤቴ ተነሥቼ የአዌቱን ወንዝ ተሻግሬ ሂርማታ ገበያ እስክደርስ በብስክሌት የምጓዝበትን አጭር መንገድ ምክንያት አድርጌ፣ የከተማችን ምክር ቤት ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት መንገድ ሲመክር ቢያስቀድመው የምለውን አንድ ነገር ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ጅማ ለብስክሌት የማትመች ከተማ አይደለችም። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሲወጣ ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል እንጂ መሀል ከተማው በአብዛኛው ሜዳ ነው። የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው፤ የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ባለፈው ነሐሴ እንዲህ ያለ ዝናብ አባርቶ ጎርፉ ገና ሳይጎድል፣ በእግረኛው መንገድ ዳር ዳሩን ስነዳ የፊት ጎማዬ ክዳኑ በተነሣ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ገባና በመሪው ላይ ተወረወርኩ። ብስክሌት በእግረኛ መንገድ ላይ መነዳት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ አስፋልቱ ላይ ግን ከባጃጆቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ መሄድ ስለማልደፍር ጥፋቱን ለምጄዋለሁ። አጠገቡ የነበረ ሊስትሮ ልጅ ብስክሌቱን ስቦ አወጣልኝና የተላጠ ክርኔን እያየ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ እዚህ ጋ ስንደርስ ወደ አስፋልቱ እንወርዳለን» አለኝ።

ከክርኔ ይልቅ የቆየብኝ ይህ ንግግር ነው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጉድጓድ፣ መንገዱን ያቀደውና የተረከበው አካል አያውቀውም ማለት ነው።

ስለ መንገድ በሚቀርብ ሪፖርት ውስጥ ቀድሞ የሚጠራው ኪሎ ሜትር ነው። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጅማን ካዳረሰ ወዲህ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ ማየታችንን አለማመስገን ንፉግነት ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው የሚጎዳው መንገዱ ባለበት ሳይሆን በሚቋረጥበት ቦታ ነው፤ ድልድይ ላይ ሲጠብ፣ ባጃጅ ተራ አፉን ሲዘጋው፣ የግንባታ አሸዋ ሲደፋበት፣ ያን ጊዜ እግረኛው የግዱን ከመኪና ጋር ይቀላቀላል። ሁለት ኪሎ ሜትር ያማረ መንገድ መሀሉ ላይ አሥር ሜትር ከጎደለው፣ ልጁን ብቻውን ትምህርት ቤት ለሚልክ ወላጅ ያ መንገድ እንደሌለ ነው።

ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ አንዲት እናት የእህል ሸክማቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው በሌላው የመብራት ምሰሶ ይዘው ከከፍተኛው የጠርዝ ድንጋይ ለመውረድ እግራቸውን ሁለት ጊዜ ሲሞክሩ ቆሜ አይቻለሁ። ለተሽከርካሪ ወንበር በተለምዶ የሚመከረው ተዳፋት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ማለት ነው፤ ጠርዙ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም መወጣጫ ይበቃዋል ማለት ነው። ገንዘቡ በመንገዱ ዳር ከሚደረገው የዘንባባ ተከላ የሚበልጥ አይመስለኝም።

የፍጥነቱም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እግረኛና መኪና መቀላቀላቸው በማይቀርበት ቦታ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፉ የመንገድ ደህንነት የስቶክሆልም መግለጫ የጠየቀው በዘፈቀደ አይደለም፤ ያው መኪና በ50 ሲመጣ የሚይዘው የግጭት ጉልበት በ30 ሲመጣ ከሚይዘው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት፣ ማለትም የእግርና የብስክሌት ጉዞ፣ ስትራቴጂ አላት፤ አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዎቿን በተወሰኑ እሑዶች ለእግረኛና ለብስክሌት መክፈት ጀምራ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው አጠቃላይ ዕቅድና ካርታ፣ ለአሥር ዓመት እንዲያገለግል መደንገጉ ነው፤ ዛሬ በካርታው ላይ የተዘለለ መሻገሪያ፣ አሁን አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ እንደተዘለለ ሊቆይ ይችላል። በአንድ የሠፈር ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር፤ ጥያቄው ሁሉ ስለ ካሳና ሥራው መቼ እንደሚጀመር ሆኖ፣ መንገዱ የት ላይ እንደሚያልቅ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ያን ጊዜ ገና አልወደቅኩማ።

አሁን የምለው ይህ ነው፤ የምክር ቤቱ አባላት ሐምሌ 1 የሚጀምረውን በጀት ከማጽደቃቸው በፊት፣ አዲስ ኪሎ ሜትር ከመጨመር አስቀድሞ የተሠራው የተቋረጠባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ተለቅመው እንዲቀርቡላቸው ይጠይቁ። ለቃሚ ባለሙያ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ ሊስትሮዎቹ፣ ቆሎ ሻጮቹና የባጃጅ ሾፌሮቹ በግማሽ ቀን ቆጥረው ያስረክባሉ።

እኔ የወደቅኩበት ቦይ እስካሁን አልተከደነም። ሰው እንዲያየው በማለት አንድ ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ተክሎበት ነበር፤ ትናንት ሳልፍ ቅርንጫፉ ደርቆ፣ ያ ሊስትሮ ልጅ እርጥብ ቆርጦ ሲተካው አየሁት።