ጾሙን ይዤ ፍስኩን ስተው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ ሆኜ ነው የምቀዳው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፤ "አንቺ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ትተሻል፣ ታዲያ ፕሮቲኑን ከየት ታገኛለሽ? ቫይታሚኑስ?" እስከ ዛሬ በአጭሩ ነበር የምመልሰው። ዛሬ ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ጨምሬ ሙሉውን ልንገራችሁ።

የዛሬ አራት ዓመት ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ፣ ሌሊት ቅዳሴ ወጥተን ቤት ስንገባ ዶሮው ቀርቦ ነበር። እኔ አልበላሁም። በጾሙ ወራት ሰውነቴ ቀሎኝ፣ ሆዴም ረግቶልኝ ነበርና እንደዚያው ልቀጥል ፈለግሁ። ሌላም ነገር ነበር፤ ለበዓሉ የታረደውን በግ ከጠቦትነቱ ጀምሮ ሣር እያቀረብሁ ያሳደግሁት እኔ ነበርሁ። እማዬ "እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍላት" ብላ ተወችኝ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ፣ ርክበ ካህናትም አለፈ፣ እኔ በዚያው ቀረሁ። እማዬ መጨነቅ ጀመረች። ጎረቤቶቻችንም ባዩኝ ቁጥር "ምነው ከሳሽ?" ይሉኝ ነበር።

በሙያዬ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቁጭ ብሎ ማስላት ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ ሰው በቀን የሚመከረው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። እኔ 60 ኪሎ ነኝ፤ 48 ግራም ይደርሰኛል። አሁን መሶቡን እንክፈተው። የቀኑ እንጀራዬ ከ300 ግራም ያህል የጤፍ ዱቄት ይወጣል፤ ጤፍ በ100 ግራም 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው እዚያው 36 ደረስን። 80 ግራም የሽሮ ዱቄት 16 ያህል ይጨምራል። አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ፣ 50 ግራም ብንለው፣ ወደ 10 ግራም። ድምሩ 62 ነው። የእህል ፕሮቲን እንደ እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ ትንሽ ትርፍ መያዝ ጥሩ ነው፣ ትርፉም ይኸው አለ። ይህን ስል አንድ ነገር አስቡልኝ። ሽሮዬ ወፍራም ነው። ኑሮው ተወዶ ሽሮው ከቀጠነ፣ ውሃው በዝቶ ዱቄቱ በማንኪያ የሚቆጠር ከሆነ፣ ስሌቱ ይፈርሳል። የጾም ገበታ የሚደክመው ሥጋ ስለሌለበት ብቻ አይደለም፤ ጥራጥሬው ሲያንስበትም ነው።

ደግሞ እንጀራና ሽሮ የተጣመሩት እንዲሁ አይደለም። ፕሮቲን የሚሠራው ከአሚኖ አሲዶች ነው፤ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችል ዘጠኝ አሉ። ከእነዚህ መካከል ላይሲን የሚባለው በእህል ውስጥ ያንሳል፣ በባቄላ፣ በአተር፣ በምስርና በሽምብራ ግን ሞልቷል። ጥራጥሬው የሚያንሰው ሜቲዮኒን ደግሞ በእህሉ ውስጥ አለ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ለጸሎተ ሐሙስ የምንበላው ጉልባን፣ ስንዴና ባቄላ አብሮ ተቀቅሎ፣ ይኸው ነው። አያቶቻችን አሚኖ አሲድ የሚባል ስም ሳይሰሙ ነው እንዲህ ያዛመዱት፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እጄን በአፌ እጭናለሁ።

ስለ ግብጦ ሳላነሣማ አላልፍም። ጎጃም ያላደገ ሰው ላያውቀው ይችላል። በእኛ በማቻከል፣ በሰከላ፣ በአዊም በኩል መሬቱ ደክሞ ሌላ እህል እምቢ ሲል ግብጦ ይዘራበታል፤ እሱም በቅሎ መሬቱን ያድሳል። ነጭ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ የካፖርት ቁልፍ የመሰለ ፍሬ ነው። በ100 ግራም 35 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ከምስርም ከባቄላም ይበልጣል። ጥሬውን የቀመሰ ግን ይጸጸታል፤ እንደ ሬት ይመርራል። ምሬቱ ጣዕም ብቻ አይደለም፣ ሰው የሚያሳምም ነገር አለበት። እማዬ እንዲህ ነው የምትሠራው፤ መጀመሪያ ትቆላዋለች፣ ከዚያ ጆንያ ውስጥ ከትታ አፉን በገመድ ጥፍር ታደርግና ከቤታችን በታች ካለችው ወንዝ ወርዳ ከድንጋይ ጋር ታስረዋለች። ውሃው ሌትና ቀን ያጥበዋል። በአምስተኛው ቀን ወርዳ አንድ ፍሬ ታወጣለች፣ በፊት ጥርሷ ነከስ ታደርጋለች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትጠብቃለች። "ገና ነው" ትላለች። ሁለት ቀን ትጨምርለታለች። ምሬቱ ሲለቅለት በጣት ጫን ሲሉት ልጣጩን ጥሎ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ትንሽ ጨው ነስንሶ መብላት ነው።

ይህን በዝርዝር የነገርኋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዳር ያለ የአክስቴ ልጅ "እሳት የነካው ምግብ ቫይታሚኑ ይጠፋል" የሚል ነገር ተከትሎ ሁሉንም ጥሬውን መብላት ጀምሮ ነበር። ፍራፍሬውና ሰላጣው ምንም አላደረገውም። አንድ ቀን ግን ቀይ ቦሎቄ አሳድሮ ዘፍዝፎ ሳይቀቅል በላ። ከሰዓት በኋላ ትውከትና ተቅማጥ አጣደፈው። ቦሎቄ በተለይ ጥሬው ውስጥ አንጀት የሚጎዳ ነገር አለ፤ የዘፈዘፉበትን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ ማንፈቅፈቅ፣ ደህና አድርጎ ማብሰል ያስፈልጋል። ሌሎቹም ጥራጥሬዎች ጥሬያቸውን ሲበሉ ፕሮቲናቸው በቀላሉ አይፈጭም። ጓያን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በችግር ዘመን ዋና ምግብ ሲሆን ስንቱን እግሩን አሽመድምዶ አስቀርቶታል።

ልጁ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ግን አልልም። ቫይታሚን ሲ በእርግጥ በእሳት ይቀንሳል። ለዚያ ቃሪያ አለን፤ ስንግ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ፣ ሎሚው። ጥሬ መበላት ያለበት እሱ ነው፣ ባቄላው በስሎ። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ከጤፉና ከጥራጥሬው ያለው ብረት ወደ ደማችን እንዲገባ ይረዳል። ቡና ግን ይከለክለዋል። ይኸኛው ለእኛ ለጎጃሞች ከባድ ነገር ነው፣ እጃችንን ሳንታጠብ ጀበናው ይጣዳልና። እኔ አሁን ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆየዋለሁ፤ ከዚያ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም እጠጣለሁ። እርሾውም አይናቅ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል፤ ሳይቦካ ከተጋገረ ቂጣ የቦካ እንጀራ በዚህ ይበልጣል።

ካልሲየም ላይ ብዙ አልቆይም። በሜጫ በኩል የሚበላው የዳጉሳ እንጀራ ካልሲየሙ ከጤፍም ይበልጣል፣ "የደሃ እህል" እያልን የናቅነው እሱ ነው። ጎመን፣ ዱባና ካሮት ለዓይን የሚሆነውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ፣ ግን ዘይት ጠብ ይበልባቸው፣ ያለ ቅባት አይዋጥም። ጨው አዮዲን ያለበትን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። በደጋው አገር የእናቶቻችንን እንቅርት አይተን አድገናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቄ፣ ይህን ሁሉ እየበላሁ፣ ታመምሁ።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ውስጥ እግሬን ይወረኝ ጀመር፣ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል። ቀጥሎ ደነዘዘ። ጠዋት ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሳላውቅ ሦስት አራት እርምጃ እሄዳለሁ። ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሁለት ዓመት ያስተማርሁትን ልጅ ስሙን አጣሁት። ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድሁ፣ ደሜ ተመረመረ፣ "የደም ማነስ የለብሽም፣ ጭንቀት ነው፣ ዕረፊ" ተባልሁ። ስምንት ወር በዚህ አለፈ። ስምንት ወር! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ምን እንደምበላ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

የጠየቀችኝ ሌላ ቦታ ያገኘኋት ወጣት ሐኪም ናት። "የፍስክ ምግብ ከተውሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አለችኝ። ነገርኋት። ብዕሯን አስቀመጠች። ደሜ ለቫይታሚን ቢ12 ምርመራ አዲስ አበባ ተላከ፤ ውጤቱ ሲመጣ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ተክል አይሠራውም፣ አያስፈልገውምም። ወደ እኛ የሚደርሰው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት በኩል ነው። እርሾ ውስጥ አለ፣ ያልታጠበ ጎመን ላይ አለ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በእሱ ላይ ተማምናችሁ እንዳትቀሩ፣ እለምናችኋለሁ። ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ በዓይን የማይታይ ነገር። ጉበታችን ደግሞ ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ይይዛል፤ ያታለለኝም ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ ስል የድሮውን ስንቅ ነበር የምበላው። የደም ማነስ ያልታየብኝስ? ጥራጥሬና ጎመን ፎሌት የሚባለውን ሌላ ቫይታሚን አትረፍርፈው ስለሚሰጡ የደሙን መልክ ሊያስተካክሉት ይችላሉ፣ ነርቩ ግን በውስጥ ይጎዳል። ሐኪሟ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው።

መርፌውን ሳየው ደነገጥሁ። ፈሳሹ እንደ ከርከዴ ቀይ ነው። ውስጡ ኮባልት የሚባል ማዕድን ስላለ ነው አሉኝ። ቤት ገብቼ ታሪኩን አነበብሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 ማይኖትና መርፊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ይገድል የነበረን የደም ማነስ ሕመም፣ ሕሙማኑን በየቀኑ ጉበት እያበሉ እንደሚያሽሩት አሳወቁ። በጉበቱ ውስጥ የነበረው ነገር ቀይ ክሪስታል ሆኖ ተለይቶ የወጣው ግን በ1948 ነው።

እግሬ ከአራት ወር በኋላ ተመለሰልኝ። የግራ እግሬ አውራ ጣት ብቻ እስከ ዛሬ እንደደነዘዘ ነው፤ ቆይቶ የታከመ ነርቭ ሁሉም አይመለስም።

ሕመሜ ውስጥ ተኝቼ የገባኝ ነገር ይህ ነው። የአገሬ ሰው ከ180 ቀን በላይ እየጾመ የኖረው በጾሙ ወገን ብቻ አልነበረም። ጾሙ ሲፈታ አሬራው አለ፣ አይቡ አለ፣ ቅቤው አለ፣ እንቁላሉ አለ። በበዓለ ሃምሳማ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ጉበታችን ስንቁን የሚሞላው ያኔ ነው። ጾምና ፍስክ እንደ በጋና ክረምት የተፈራረቁ ናቸው፤ እኔ አንዱን ይዤ ሌላውን ስተው በቦታው ምንም አልተካሁም። ወደ ሥጋው ልመለስ አላልሁም፣ አልተመለስሁምም። አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ እሑድ፣ ሐኪሜ ያዘዘችልኝን 2000 ማይክሮግራም ቢ12 እውጣለሁ። የተቀረውን ሁሉ መሶቤ ይሰጠኛል።

ነፍሰ ጡር የሆናችሁና የምታጠቡ እህቶቼ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። እናት ቢ12 ካጣች ጡት የሚጠባው ልጅም ያጣል፣ የልጅ አእምሮ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ስለ ደማችሁ ደግሞ ሐኪም ጠይቁ። በፍስኩም የማይበላ፣ ወይም ወተትና እንቁላል ለወራት የማያይ ቤት ካለም ያው ነው።

ባለፈው ሳምንት ማቻከል ወርጄ ይህንኑ ሁሉ ለእማዬ ነገርኋት። ግብጦ እየላጠች ጸጥ ብላ ሰማችኝና "የእማሆይስ እግር?" አለችኝ። እማሆይ ታላቅ እህቷ ናቸው፣ ከመነኮሱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ሥጋ ቀርቶ ወተትም አያዩ። ሌሊት ሌሊት እግራቸውን እያቃጠላቸው ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ሁላችንም እርጅና ነው እያልን ስንተዋቸው ኖረናል። ከእማዬ ጋር ተያይዘን ሄድን። እማሆይ ሁሉንም ካዳመጡኝ በኋላ "ልጄ፣ መድኃኒቱ ከሥጋ ነው እንዴ የሚሠራው?" አሉኝ። "አይደለም እማሆይ፣ ከባክቴሪያ ነው፣ እንደ እርሾ አብቅለው ነው የሚያወጡት" አልኋቸው። መቁጠሪያቸውን እያዟዟሩ ትንሽ ቆዩ። "እንግዲያውስ ሱባዔ ሳልገባ ውሰዱኝ" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ይመጣሉ። ደማቸው ሲሰጥ አብሬያቸው ነኝ።