አራቱ ቅኝቶች በደልሲመር፦ ለጎንደር የክራር ተጫዋቾች

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ባለ ብዙ ክር የእንጨት መሣሪያ፤ አጠገቡ ክራር]

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነን። ክራር ተጫዋች ትዝታን ጨርሶ ወደ ባቲ ሊሻገር ሲል ምን ያደርጋል? እጁን ወደ መቃኛው ይሰዳል። አንዱን ክር ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል፤ ዘፋኙም ታዳሚውን በጨዋታ ይዞ ይጠብቀዋል። ክራር ላይ ቅኝቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ዛሬ የምናየው መሣሪያ ግን አንዴ ከተቃኘ ክሮቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ቅኝቱን የሚለውጠው የእጃችሁ መንገድ ነው።

ስሙ ደልሲመር ነው። የሚጫወቱት በሁለት ቀጫጭን የእንጨት መምቻዎች ነው። ዘመዱ ብዙ ነው፦ ኢራን ውስጥ 72 ክሮች በ18 በርኩማዎች (ክሩን ከሳንቃው ከፍ አድርገው በሚይዙ ድጋፎች) ላይ የተዘረጉበት ሳንቱር አለ፤ ቻይና ያንግቺን አላት፤ ሃንጋሪ ደግሞ በ1870ዎቹ ቡዳፔስት ውስጥ ድምፅ ማፈኛ ፔዳል የተገጠመለት ሲምባሎም አላት። የእኛው ደልሲመር አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ነው። አንድ ወዳጃችን ነው ከዚያ ተሸክሞ ያመጣልን።

[ምስል፦ መሣሪያው ከላይ ሲታይ፤ ሁለቱ ረጃጅም በርኩማዎች በቀለም ተለይተው]

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሁለት ረጃጅም በርኩማዎች ይታዩአችኋል። ግራ በኩል ያለው 12 ጥንድ ክሮችን፣ ቀኝ በኩል ያለው የባሱ በርኩማ ደግሞ 11 ጥንዶችን ይሸከማል። በጠቅላላው 46 ክር ማለት ነው። ወፍራሙ ድምፅ ወደ ሆዳችሁ ቀርቦ፣ ቀጭኑ ርቆ ይገኛል።

ብልሃቱ ያለው ግራኛው በርኩማ ላይ ነው። የቆመው ክሩ መሐል ላይ አይደለም፤ 3 ለ 2 አድርጎ ይከፍለዋል። በስተቀኝ የቀረው ረጅሙ ክፍል ዶ ካለ፣ በስተግራ ያለው አጭሩ ክፍል ሶል ይላል። አንድ ክር፣ ሁለት ድምፅ። ስለዚህ በዚሁ በርኩማ በስተቀኝ በኩል ከታች ወደ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ብላችሁ ስትወጡ፣ በግራ በኩል ከእያንዳንዳቸው ፊት ለፊት ሶል፣ ላ፣ ሲ እና ላይኛው ዶ ተሰልፈው ይጠብቋችኋል።

[ድምፅ፦ ስምንቱ ድምፆች በዝግታ]

እንግዲህ ትዝታ። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በቀኝ ሦስት ትመታላችሁ፣ አራተኛውን ትዘላላችሁ፤ ተሻግራችሁ በግራ ሁለት። በቃ። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይላል፤ እዚህ ሬ እና ላ ይዘለላሉ። አምባሰል መነሻውን ሚ ላይ ያደርጋል፦ በቀኝ ሚ፣ ፋ፤ በግራ ላ፣ ሲ፣ ዶ። እስከዚህ ድረስ መቃኛ ቁልፉን አልነካነውም፤ ሦስት ቅኝት ተጫውተናል።

[ምስል፦ የሁለት እጆች አያያዝ፣ ከቅርብ]

መምቻውን በአመልካችና በመሐል ጣት መካከል አስገቡት፣ በአውራ ጣት ከላይ ደገፍ አድርጉት። አትጨብጡት። ጀማሪ ሁሉ ክሩን መምታት ይፈልጋል፤ መምቻው ግን ወድቆ በራሱ መንጠር አለበት። ክሩ ላይ ከተጫናችሁት ድምፁ ይታፈናል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያላችሁ አፈራርቁ። በአንድ እጅ ብቻ የለመደን ተማሪ በኋላ ማረም ከባድ ነው። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼን ዜማውን በአፋቸው ሳያንጎራጉሩ መምቻ አላስይዛቸውም።

የክራር ልጆች እዚህ ላይ አንድ ልማድ ያስቸግራቸዋል። ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን ክር ያፍናሉ። ደልሲመር ላይ የሚያፍን ጣት የለም፤ የተመታው ሁሉ ሲያስተጋባ ይቆያል። ለሙሉ ትዝታ ይህ ጸጋ ነው፤ በድምፆቹ መካከል ግማሽ ድምፅ (እንደ ሚ እና ፋ ያለ እጅግ የተጠጋ ርቀት) ስለሌለ ሁሉም ተደራርቦ ያምራል። አምባሰል ላይ ግን ሚ ከፋ፣ ሲ ከዶ ይጋጫሉ፤ በችኮላ ከተጫወታችሁት ይደፈርሳል። ዝግ በሉ፤ ካልሆነም በሐረጉ ማብቂያ ላይ ክሮቹን በመዳፋችሁ ዳበስ አድርጉ።

ቀረችን አንቺሆዬ። እሷ እንደ ሌሎቹ በመዝለል ብቻ አትገኝም። ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ሁሉም አሉ፤ አምስተኛዋ ግን ከሶል በግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት አለባት። ታዲያ ሶልን ብናጠብቃትስ? ያ ሶል በበርኩማው ማዶ ካለው ዶ ጋር አንድ ክር መሆኑን አትርሱ፤ ሶል ከፍ ስትል ዶም አብሯት ይወጣል፣ ዶ ደግሞ ለአንቺሆዬ ታስፈልገናለች። መውጫው የባሱ በርኩማ ነው። እዚያ ያለ ክር የሚመታው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ፣ የባሱን ሶል፣ ጥንዱን ሁለቱንም፣ በግማሽ ድምፅ አጥብቁት። ዜማውን ወደዚያ ወፍራም ድምፅ አውርዳችሁ ትጫወታላችሁ። ለእኔ ጆሮ አንቺሆዬ እንዲያውም ከታች ስትሰማ ነው የምትከብደው።

[ምስል፦ መቃኛ ቁልፍ፤ ስልክ ላይ የመቃኛ መተግበሪያ]

ስለ መቃኘት አንድ ነገር። ጥንዶቹ አንድ ድምፅ ካልሰጡ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ ስለዚህ አንዱን በጨርቅ አፍናችሁ ሌላውን ቃኙ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር በጆሮ አስማሙ። ክረምት ሲገባ የጎንደር እርጥበት ሳንቃውን ያሳብጠዋል፣ በርኩማው ክሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ድምፁም ይወጣል። በጋ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ሳንቃው ይደርቃል፣ ድምፁ ይወርዳል። ከምድጃ አጠገብና ከፀሐይ አርቁት።

ከአዝማሪ ጋር መጫወት ለምትፈልጉ ደግሞ፦ ማሲንቆ አንድ ክር ስላለው በአፍታ ይቃኛል፤ 46ቱን ክር ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ከዘፋኙ ጋር ተነጋገሩ። ደልሲመሩ ላይ የዶ መነሻ ከአንድ በላይ ነው፤ በርኩማው ላይ በተለየ ቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። ለድምፁ የሚመቸውን አስመርጡት፣ ከዚያ ማሲንቆው ወደ እናንተ ይቃኝ።

[ድምፅ፦ ደልሲመርና ማሲንቆ፣ በትዝታ]