ዶሜይን ገዝቼ ሰርቨር ተከራየሁ፤ ቀጥሎስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳ የደወሉ አድማጭ፦ ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ ስም፣ አለኝ። አማዞን ላይም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ተከራይቻለሁ። ሁለቱን እንዴት ላገናኛቸው?

መልስ፦ ከሰርቨሩ ይጀምሩ። መጀመሪያ ቋሚ አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚገኝበትን ቁጥር) ይያዙለት፤ አማዞን ኢላስቲክ አይፒ ይለዋል። ብዙ ሰው ይህችን ነገር ይዘላታል። ያለ እሷ ግን ሰርቨሩን አቁመው ሲያስነሱት አድራሻው ይቀየራል። የድሮው አድራሻ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ በእርስዎ ስም የሚመጣው ጎብኚ የማያውቁት ሰው ማሽን ላይ ያርፋል፤ ይሄ ቀላል አደጋ አይደለም። ዋጋውም ሰበብ አይሆንም። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ቋሚም ሆነ ተለዋዋጭ ለሆነ ይፋዊ የአይፒ ቪ4 (የተለመደው የአይፒ ዓይነት) አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል።

ከዚያ ዶሜይኑን ወደገዙበት ድርጅት ገጽ ገብተው የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ስርዓት) ቅንብሩን ይክፈቱ። ስሙን ከአይፒው ጋር የሚያገናኘውን መዝገብ፣ ኤ ሬከርድን (A)፣ ይጨምሩ፤ በስሙ (Name) ቦታ ዋናውን ስም የሚወክለውን የ@ ምልክት፣ በቫልዩ (Value) ቦታ አይፒውን ያስገቡ። በሶስቱ ደብሊው ለሚጀምረው አድራሻ ደግሞ ወደ ዋናው ስም የሚያመራ ሲኔም (CNAME) የሚባል ሬከርድ ይበቃል።

ከዱባይ የደወሉ አድማጭ፦ የኦንላይን ሱቄን ከድሮው ሆስቲንግ (ድረ ገጹን ከሚያስቀምጥልኝ ድርጅት) ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደምከራየው ሰርቨር፣ ላዛውር ነው። ኔምሰርቨሩን ቀይሪ ተባልኩ። የደንበኞቼ ኢሜይል ይቋረጥ ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ ሊቋረጥ ይችላል። ኔምሰርቨር የዶሜይንዎ ሬከርዶች የሚቀመጡበት ሰርቨር ነው፤ ሲቀየር የድሮዎቹ ሬከርዶች በራሳቸው አብረው አይሄዱም። ኢሜይልዎ የት እንደሚደርስ የሚናገረው ኤምኤክስ (MX) ሬከርድም እዚያው ይቀራል። የሚዛወረው ድረ ገጹ ብቻ ከሆነ ኔምሰርቨሩን አይንኩት፤ ኤ ሬከርዱን ብቻ ይቀይሩ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይዩ፦ ኤምኤክሱ የሚያመለክተው ራሱን ዶሜይኑን ከሆነ፣ ኤ ሬከርዱ ሲቀየር ኢሜይሉም ተከትሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ለኢሜይሉ የራሱን ንዑስ ስም ከፍተው ወደ ድሮው አይፒ ያመልክቱት፤ ኤምኤክሱንም ወደዚያ ያዙሩት።

ከመቀየርዎ አንድ ቀን በፊት ቲቲኤሉን (TTL፣ ሌሎች ኮምፒውተሮች የድሮውን ሬከርድ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) ወደ 300 ያውርዱት። 300 ሰከንድ ማለት 5 ደቂቃ ነው፤ ለውጡ ቶሎ ይዳረሳል፣ ከተበላሸም ቶሎ ይመለሳል። የድሮውን ሰርቨር ግን ለጥቂት ቀናት አይዝጉት። እባክዎ በዚህች ገንዘብ አይሰስቱ።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ ሁሉን አስተካክያለሁ፤ ገጹ ግን አይከፈትም።

መልስ፦ ኮምፒውተርዎ ላይ በኤንኤስ ሉክአፕ (nslookup) ትእዛዝ ስሙ የትኛውን አይፒ እንደሚያመጣ ይፈትሹ። ትክክለኛው አይፒ ከመጣ ዲኤንኤሱ ስራውን ጨርሷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የዘጋው ፋየርዎሉ (የሰርቨሩ መከላከያ) ነው፤ ጎብኚ የሚገባባቸውን በሮች፣ 80 እና 443 ፖርቶችን፣ ይክፈቱ። ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን (https) ነጻውን የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት የሚጠይቁትም ከዚህ በኋላ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት ዶሜይኑ የእርስዎ መሆኑን በተለመደው መንገድ የሚያረጋግጥልዎ በ80 ፖርት በኩል መጥቶ ሰርቨርዎን ሲያገኘው ነውና።