«ወባው ኪቱን እንዴት አወቀው?»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሦስት ጥሪ ብቻ ነው ያስተናገድነው። ሦስቱም ስለ ወባ።

ከደላንታ የደወሉ አባት፦ «ልጄ መተማ ሰሊጥ አጭዶ ሲመለስ አንቀጠቀጠው። ጤና ኬላ ጣቱን ወግተው በኪት፣ በዚያ በፈጣኑ መመርመሪያ፣ አዩና ‹ወባ የለም› አሉን። በማግስቱ ወገል ጤና ከተማ ወስደነው በማይክሮስኮፕ ወባ ተገኘ። የተሳሳተው ኪቱ ነው ወይስ ሰዎቹ?»

አባቴ፣ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ወባ የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ደሙ ውስጥ ገና ጥቂት ከሆነ ማንኛውም ኪት ሊስተው ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። በብዛት የኖርንበት ኪት ጥገኛውን ራሱን አያይም። የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው ወባ ደም ውስጥ የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የሚሉትን ፕሮቲን ነው። አንዳንዱ ፋልሲፓረም ደግሞ ይህን ፕሮቲን የሚሠራበትን ዘረ-መል አጥቷል። ያለ እሱም ይኖራል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ ተዘገበ። በኋላ ኤርትራ ተገኘ፣ ከዚያም እኛው ዘንድ፣ አማራ ክልልን ጨምሮ።

አባት ግን ስልኩን አልዘጉም። «ታዲያ ወባው ኪቱን እንዴት አወቀው? ያስባል እንዴ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። አያስብም። እርስዎ ግን ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት ነገር አለ፤ እንክርዳድ። ያው እህል ውስጥ ገብቶ ራስ የሚያዞረው። አራሚ ከስንዴው የተለየውን ይነቅላል። ስንዴ የሚመስለው ያመልጣል። አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ ለከርሞ አብሮ ይዘራል። በዘመን ብዛት እንክርዳድ ስንዴን መሰለ። ማንም አላስተማረውም፤ የአራሚው እጅ ነው የመረጠው።

ወባም እንዲሁ ነው። ሕዋሱ ሲራባ ዘረ-መሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ አንዳንዴ ይሳሳታል። ፕሮቲኑ ያለውን ኪቱ ያጋልጠዋል፣ መድኃኒት ይጨርሰዋል። የሌለው ሳይታከም ይቆያል። ትንኝ ትመጠዋለች፣ ወደ ጎረቤት ታሻግረዋለች። ዝግመተ ለውጥ ሲባል የዝንጀሮ ወሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይኸው፣ ደላንታ ድረስ ሳይመጣ አልቀረም።

ሌላ ፕሮቲን የሚፈልጉ ኪቶች አሉ። ያም ሆኖ ከቆላ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው፣ ኪቱ «የለም» ቢልም «በማይክሮስኮፕ ይታይልን» ይበሉ።

ከደሴ የደወለች እህት፦ «ሐርቡ ሰርግ ወርጄ ወባ ያዘኝ፣ ታክሜ ዳንኩ። ከ3 ወር በኋላ ከደሴ ሳልወጣ ተነሣብኝ። ደሴ ወባ ገባ እንዴ?»

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷ ለወባ አይመችም። እኔ የምጠረጥረው ጉበትሽን ነው። ካርድሽ ላይ «ቫይቫክስ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ይህ ዓይነቱ ወባ ጉበት ሕዋስ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። ለእሱ ብልሃት ነው፤ ትንኝ በሌለበት በጋ ደም ውስጥ ቢዞር ማን ይወስደዋል? ክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ የተኛውን አይነካም። ለተኛው ፕሪማኪን ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን። ትኩሳቱ በ3ኛው ቀን ሲበርድ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ የሚወረውር ስንቱ ነው! ብቻ ራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ነፍሰ ጡር አትወስደውም፤ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሱ ሊፈርስበት ይችላል።

ከባቲ የደወለ ወጣት፦ «ሰፈራችን ረግረግ የለም፤ ወባው ከየት ይመጣል?»

ሮቶህን ክፈትና እይ። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ አለች። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፣ በኋላ በተደረገ ቅኝት እናንተም ዘንድ ባቲ። ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሚልና ሮቶ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የድሬዳዋውን የወባ ወረርሽኝ ያባባሰችው እሷ ናት። ክዳኑ የተሰነጠቀ ከሆነ በወንፊት ጨርቅ ጥብቅ አድርገህ እሰረው፤ በርሚሉን በየሳምንቱ ደፍተህ ግድግዳውን ፈትገው፣ ውኃው ባይቆሽሽም።