ሲጠጋ የሚሮጥ፣ ሲርቅ የሚያዘግም ፕላኔት

እንደምን አመሻችሁ የድሬ ልጆች፣ እናቶች፣ አባቶች! ሜዳውን ለፈቀዳችሁልን እግዜር ይስጥልን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ኮከብ ነው፣ 16 ሲግኒ ቢ ትባላለች።

ይቺ ኮከብ የኛን ፀሐይ በጣም ነው የምትመስለው፣ ክብደቷም ሙቀቷም እዛው ነው፣ በእድሜ ግን ትበልጣታለች፣ እሷ ወደ 7 ቢሊዮን ዓመት የኛዋ 4.6። 70 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለምትርቅ ዛሬ ማታ አይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃኗ የተነሳው እዚህ ፊት የተቀመጡት እማማዎች ልጅ እያሉ ነው።

በፈረንጆቹ 1996 ቴክሳስ ያለው የማክዶናልድና ካሊፎርኒያ ያለው የሊክ ኦብዘርቫቶሪ (የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ) ተመራማሪዎች ፕላኔት እንዳላት ደረሱበት። ፕላኔቱን ግን አላዩትም። የድሮው ባቡር ወደ ለገሃር ሲመጣ ፊሽካው ቀጥኖ ካለፈ በኋላ ወፍሮ ይሰማ የለ? ብርሃንም እንደዛው ነው፣ ፕላኔቱ ኮከቧን ወዲህ ወዲያ ሲጎትታት ወደኛ ስትመጣ ብርሃኗ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ስትርቅ ወደ ቀይ ያደላል፣ ያንን ለዓመታት ለክተው ነው ያገኙት። ልኬቱ ደግሞ እኩል ከፍ ዝቅ አይልም፣ ረጅም ጊዜ ዝግ ብሎ ይቆይና ድንገት ይቀያየራል። ምክንያቱም ፕላኔቱ የሚዞረው በጣም በተለጠጠ መንገድ ላይ ነው!

ከጁፒተር የሚከብድ ፕላኔት ነው፣ ዓመቱ 800 ቀን ገደማ። በኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ፣ ሲጠጋ ሜርኩሪና ቬነስ መሀል ይገባል፣ ሲርቅ ከማርስ አልፎ ይሄዳል፣ ቅርብ ሲሆን ከሩቁ 5 እጥፍ ይፈጥናል፣ የሚደርሰው ሙቀት ደግሞ ከ25 እጥፍ በላይ ይለያያል። እንዲህ የለጠጠው ምን ይሆን ለሚለው፣ አንዱ ጠንካራ ሀሳብ አብራት ያለችው መንትያ ኮከብ 16 ሲግኒ ኤ በረጅም ጊዜ ስባ ስባ ነው የሚል ነው።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ። ምድርም ድፍን ክብ አትዞርም፣ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ገና ሊገባ ሲል ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎሜትር፣ በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ፣ 152 ሚሊዮን። እስቲ አስቡት፣ በጣም ስንቀርባት ማታ ማታ ነጠላ እንደርባለን፣ ስንርቃት ደግሞ ከዚራ ዛፍ ስር እንኳን ላብ በላብ ነን! ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው ወቅቱን የምድር ዘንበል ማለት የሚወስነው። የኛ ምድር እንደዛ ፕላኔት ብትዞር ኖሮ ገበሬው ምን ዘርቶ ምን ያጭድ ነበር? እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ውስጤ ነው የሚነካው።

በሉ አሁን ተነሱና ወደ ሰሜን ዙሩ። ያቺ ደማቋ ዴነብ ናት፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከሷ ወደ ግራ ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ጭብጥ ያህል ለኩ፣ እዛ ጋ በባይናኩላር ተጠጋግተው የሚታዩት ሁለቱ ናቸው፣ የኛዋ ትንሽ ደብዘዝ የምትለዋ ናት። መጀመሪያ ልጆች ይዩ፣ ከዛ እማማዎች፣ ሌላው ሰልፍ ይያዝ።