ለነርሶች ዶክትሬት፦ ማን ይማረው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ዲኤንፒ ስለሚባለው የነርሶች የሙያ ዶክትሬት ደውላችሁ ከጠየቃችሁን ለሦስቱ ባለሙያዋ መልስ ሰጥታለች።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ባችለር ያለኝ አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ነኝ። ነርስ ፕራክቲሽነር (በሽተኛ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ) ለመሆን ዲኤንፒ ግዴታ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም እህቴ። ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር፣ እስከ 2015 የነርስ ፕራክቲሽነር መግቢያ ዶክትሬት ይሁን ብሎ ነበር። 2015 መጣ፣ አለፈ። ማስተርስ ዛሬም ይበቃል። ማስተርስ ያላትም ዲኤንፒ ያላትም የሚፈተኑት ያንኑ የቦርድ ፈተና ነው። ሐሳብዎ ክሊኒክ ገብቶ በሽተኛ ማየት ከሆነ፣ እኔ ብሆን ማስተርሱን ጨርሼ ሥራ እጀምራለሁ። ዲኤንፒው በኋላ ይደርሳል፤ አሠሪ ከከፈለልዎማ እሰየው! አንስቴዥያ (የማደንዘዣ ነርስነት) ግን ለብቻው ነው። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ ተማሪ የሚገባው በዶክትሬት ብቻ ነው። ቢያንስ የአንድ ዓመት የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ዓይነት ልምድም ይጠይቃሉ።

ከዳላስ፦ ማታ እሠራለሁ፣ ልጆች አሉኝ። ኦንላይን ፕሮግራም አግኝቻለሁ። ልመዝገብ?

ከመክፈልዎ በፊት ስልክ ይደውሉላቸው። ኦንላይን የሆነው ንባቡና ወረቀቱ ነው። ክሊኒካሉን፣ ማለትም በሽተኛ እያዩ የሚለማመዱበትን፣ በአካል ነው የሚሠሩት። ከባችለር ተነስቶ ዲኤንፒ ለመጨረስ የተለመደው 1,000 ሰዓት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ቀን ቀን ነው። ሌሊት ሠርተው፣ ጠዋት ክሊኒክ ገብተው፣ ከሰዓት ልጅ ማምጣት... መቼ ሊተኙ ነው? ትምህርት ቤቱ አክሬዲትድ (በጥራት ገምጋሚ አካል የታወቀ) መሆኑን፣ ቴክሳስ ያለ ተማሪ መቀበል መቻሉንም ይጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ፕሪሴፕተር፣ ማለትም ክሊኒክ ውስጥ የሚያሠለጥንዎትን ባለሙያ፣ የሚፈልገው ማን እንደሆነ ይወቁ። «ራስሽ ፈልጊ» የሚሉ አሉ። ፕሪሴፕተር አጥተው ሴሚስተር ያለፋቸው፣ ከኪሳቸው የከፈሉም ብዙ ናቸው። እኛ ፈልገን እንመድባለን የሚል ትምህርት ቤት ክፍያው ትንሽ ቢወደድም ይሻላል።

ከአዲስ አበባ፦ ማስተርስ አለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ዲኤንፒ ወይስ ፒኤችዲ?

ለእርስዎ ፒኤችዲ። ፒኤችዲ ተመራማሪ ያደርጋል። ዲኤንፒ ግን የታወቀውን ማስረጃ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ላይ ለማዋል ነው፤ ማጠቃለያውም አብዛኛውን ጊዜ የአሠራር ማሻሻያ ፕሮጀክት ነው። ደግሞም ዲኤንፒ ለመግባት ብዙ ጊዜ የአሜሪካ አርኤን ፈቃድ ይጠየቃል። ያ ማለት መጀመሪያ ኤንክሌክስ የሚባለውን የአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተና ማለፍ ነው። በዚህም በዚያም ትራንስክሪፕትዎን ከአሁኑ ያስጀምሩ። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር እንዲላክ ይፈልጋሉ።