ቀለሃ ማጽዳት ሌላ፣ ማብረቅረቅ ሌላ

(ደብረ ብርሃን፣ ለነሐስና ለጌጣጌጥ ሠሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ስለ ነሐስ ሥራ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። ሰፊ ነው። ስለዚህ አጠበብኩት፤ ዛሬ የማወራው ስለ ቀለሃ፣ ማለትም ስለ ተተኮሰ ጥይት ባዶ ቅርፊት፣ አጠባ ብቻ ነው። ከቀለሃ መስቀል፣ ቀለበትና አምባር የምንሠራ ሰዎች በዝተናል። ቅርጹ ላይ እንጠበባለን፣ ዋጋው ላይ እንከራከራለን። ቀለሃውን በርሜል ውስጥ ስናሽከረክር ግን አብሮ የሚገባው እጃችን ላይ የተገኘው ነገር ነው። አንዱ አሸዋ ይጨምራል። አንዱ ሰጋቱራ። አንዱ እናቱ ድስት የምታጥብበትን አመድና ሎሚ። ከዚያ «ለምን ተቧጨረ? ለምን ቀላ?» ይባላል።

መፈግፈጊያ፣ ማለትም ከቀለሃው ጋር በርሜል ውስጥ የሚገባውን ነገር፣ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ቀለሃው ላይ ያለው እድፍ ምንድን ነው? ከታጠበ በኋላስ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ እሳት የሚገባ ቀለሃ ቢያብረቀርቅ ምን ይጠቅመዋል? ቀልጦ ለሚጠፋ ነገር ቀኑን ሙሉ መብራት ማቃጠል ነው። ለሱ ንጹሕና ደረቅ መሆን ይበቃዋል። ቅርጹ ሳይቀየር ቀለበት ወይም የአንገት ጌጥ የሚሆነው ግን ገጹም ያስፈልገናል። እዚህ ላይ ነው ምርጫው የሚከብደው።

በርሜሉ ጋ ከመድረሳችን በፊት ለቀማውን እንጨርስ። ማግኔት ይዛችሁ በክምሩ ላይ አሳልፉት። ነሐስ አይሳብም። ከክላሽ የሚወጣው ቀለሃ ብዙ ጊዜ ብረት ነው፤ ላዩ መዳብ ወይም ቀለም ስለተቀባ ዓይን ያታልላል። ማግኔቱ ግን አይታለልም። ያልተተኮሰ ጥይት ካያችሁ ደግሞ እዚያው ተዉት፣ ለፖሊስ ንገሩ። በርሜልም እሳትም አያውቀውም። በዚህ ቀልድ የለም።

አሁን ወደ እድፉ። የቀለሃ ነሐስ በተለምዶ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ውጩ ላይ የምናየው ጥቁረት አየርና እርጥበት ያመጣው ነው፣ ጭቃም አለበት። ይሄ ቀላሉ ነው። ዋናው ጉድ ውስጡ ነው። ከሥሩ ያለችው ትንሿ መቀጣጠያ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ያለበት ኬሚካል አላት። ጥይቱ ሲተኮስ ያ እርሳስ ከጥላሸቱ ጋር ውስጥ ይቀራል። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፣ የአዋቂንም ነርቭና ኩላሊት አይምርም። ስለዚህ መፈግፈጊያ ስንመርጥ ለቀለሃው ብቻ ሳይሆን ለሳንባችንም እየመረጥን ነው።

ከደረቆቹ ልጀምር። የበቆሎ ቆረቆንዳ የሚናቅ አይደለም። በሌላው ዓለም ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ በከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። እኛ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድ ብለን በነፃ ልናገኘው እንችላለን። የሚጠቅመው መሐል ያለው እንጨታማ ቀለበት ነው፤ ለስላሳው ገለባ ምንም አይፈገፍግም። በደንብ አድርቁት፣ ውቀጡት፣ ከጤፍ ተለቅ ከስንዴ አነስ ያለውን በወንፊት ለዩ። ከዚያ ከፍ ካለ የቀለሃው አፍ ላይ ይወተፋል። ቆረቆንዳ ውሃና ቅባት ይመጥጣል፣ የሚያምር ለስላሳ ገጽ ይሰጣል። ዝገት ግን አያወጣም፣ ውስጡንም አያጸዳም። ከውጭ የሚመጣው የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ጠንከር ይላል፣ እድፍ ቶሎ ያነሳል፣ ገጹን ግን ደብዘዝ ያደርገዋል። ቆረቆንዳ ደጃችን እያለ እሱን ፍለጋ መንከራተት አይታየኝም። ሰጋቱራ ደግሞ ማድረቂያ ነው። የታጠበ ዕቃ ውስጡ ብታሹ ውሃውን ይመጥጣል። እንዲፈገፍግ ግን አትጠብቁት። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራማ ጭራሽ ነሐሱን ያበላሻል።

አሸዋ? አሸዋ አይሆንም። ከነሐስ በጣም ይጠነክራል። የቧጨረውን ለመመለስ ከማጠቡ የበለጠ ትደክማላችሁ።

የደረቆቹ ሁሉ ጣጣ አቧራው ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ ቆረቆንዳው ይጠቁራል፤ ያ ጥቁረት እርሳስ አለበት። ሰው ደግሞ ለመለየት ምን ያነሳል? ሰፌድ። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያንገዋልላል፣ ልጆች ዙሪያውን ይጫወታሉ። እባካችሁ ይሄ ይቅር። የእህል ሰፌድና ወንፊት ለዚህ ሥራ አይነካም። የግድ በደረቅ የሚሠራ ሰው ረጠብ ያለ ጨርቅ ቁርጥራጭ ይጨምር፣ አቧራውን ይይዝለታል። ክዳኑን አየር ላይ ሆኖ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይክፈት።

የኔ ምርጫ ለዚህ ነው እርጥቡ የሆነው። የማይዝግ ብረት ሚስማሮች፣ ውፍረታቸው 1.2፣ ርዝመታቸው 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጫፍ የላቸውም፣ የተቆራረጠ ሽቦ ናቸው። ቀለሃውን ከነሱ ጋር አስገቡ፣ ውሃ ይሸፍነው፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ። ሁለት ሦስት ሰዓት ይሽከረከር። ሚስማሮቹ በአፉ ገብተው ውስጡን ይፈገፍጋሉ፣ ቆሻሻው ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ አቧራ የለም። አይደክሙም፣ አያልቁም፣ ለዓመታት ያገለግላሉ። ከሽቦ ቆርጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ ስለታቸው እስኪጠፋ መጀመሪያ ብቻቸውን ይሽከርከሩ። ሲያልቅ ቀለሃውን አራግፉና ውስጡን እዩ። ሚስማር ተጣብቆ መቅረት ይወዳል።

ሎሚው ላይ እጃችሁ አይብዛ። አሲድ ሲበዛ ወይም ሲቆይ ዚንኩን ይበላዋል፣ መዳቡ ይቀራል፣ ቀለሃው ቀላ ያለ የመዳብ ቀለም ይዞ ይወጣል። ኮምጣጤም ያው ነው። ውሃውን ጓሮ አትድፉት። ዝቃጩ ይረጋ፣ ለብቻ ተጠራቅሞ ሰውና ከብት የማይደርስበት ይቀመጥ። በመጨረሻ በሙቅ ውሃ አለቅልቁ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ያውም በኅዳር ውርጭ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ቀለሃ ሳይደርቅ ነጠብጣብ ያወጣል።

አሞኒያን አትርሱ። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን በዝናብ ወቅት ፈረሶች አጠገብ ያስቀምጥ ነበር፤ ቀለሃው ማንም ሳይነካው ይሰነጠቅ ጀመር። ምክንያቱ በደንብ የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ የተወጠረውን ነሐስ ይሰነጥቀዋል። እኛም አገር በረት አጠገብ ጆንያ ሙሉ ቀለሃ የሚያስቀምጥ አለ። አሞኒያ የሚሸት የብረት ማጽጃም እንዲሁ ነው፤ ለቀለሃ አይሆንም።

ወደ ማቅለጫ ለምትሄዱ አንድ ቃል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ ይሄ ነሐስ ደግሞ ከ915 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። ሲቀልጥ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከዚንኩ ነው፤ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ አቅልጡ።

በመንዝና በአንኮበር ቤቶች የድሮ ጠመንጃዎች፣ የውጅግራና የምንሽር፣ ቀለሃ ያስቀመጡ አባቶች አሉ። እሱን ለኛ አታምጡት። በርሜል ውስጥ ሲገባ ያ የዘመን መልኩ ይሄዳል፣ ዋጋውም አብሮ። በዚያ ዘመን ብዙ መቀጣጠያ ሜርኩሪ ነበረበት፤ ቢቀልጥ ጭሱ መርዝ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ለጌጥ የሚሆነው ቀለሃ ከሚስማሩ በኋላ ንጹሕ ቆረቆንዳ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢዞር ያምርበታል። የመጨረሻውን ልስላሴ የመንዝ በርኖስ ቁራጭ ይሰጠዋል። ከውጭ የሚመጣ የሱፍ መወልወያ ገዝቼ አይቻለሁ። ያረጀ በርኖስ አይበልጠውም።

ከአዳራሹ ኋላ ሁለት በርሜል ቆሟል፣ አንዱ በሚስማር፣ አንዱ በቆረቆንዳ። ጠዋት የገባው አሁን ደርሷል። ሄደን እንክፈተውና በእጃችሁ ያዙት፣ ውስጡን በባትሪ እዩት። ሻይ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ሳሙናና ውሃ በሩ ላይ አለ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዳቦ እንዳትነኩ።